ከቦረቦሩ በላይ

ዕድሜዬን ሙሉ አፈር እንዳይሸሽ ስለምን ኖርኩ። የመንግሥት መጠሪያው «የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ባለሙያ» ይባላል፤ ገበሬው ግን «የእርከኗ ሴትዮ» ነበር የሚለኝ። ዳባት ጀመርኩ፣ በየዳ ቆየሁ፣ ደባርቅ ጨረስኩ። ባለፈው ዓመት ጡረታ ስወጣ የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ድፎ ዳቦ አስደፍተው፣ ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ። ዳቦው ሊቆረስ ሲል ከወጣት ባለሙያዎቹ አንዷ እጇን አወጣች።

«እትዬ የሺ፣ ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ዓለም በሁሉም ጎኗ የታመመች ይመስለኛል። ጦርነቱ፣ ድርቁ፣ የኑሮ ውድነቱ፣ ሰው ሰውን መጥላቱ። እርስዎ ብዙ አይተዋል። ይህ ሁሉ ከየት ነው የሚነሣው? ሰውስ አንድ ቀን ከዚህ በተሻለ ጥበብ መኖር ይችል ይሆን?»

ስለ እርከን ብትጠይቀኝ ኖሮ እስኪመሽ አወራላት ነበር። «እግዜር ይወቀው ልጄ» ብዬ አለፍኩት፤ ዳቦውም ተቆረሰ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ይህንኑ ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ሲያመላልሱ የኖሩ አንድ ሰው ስለማውቅ ነው። ለልጅቱ ያኔ መናገር የነበረብኝ ስለ እሳቸው ነበር።

ጋሽ አድማሱ ዳባት ላይ የመጀመሪያ አለቃዬ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ ኮታቸው ላይ ጋቢ የሚደርቡ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር፤ ትምህርቱን ሳይጨርሱ ቢወጡም ደጋግመው ሳይጠይቁ ያለመፍረድን ልማድ ይዘው ወጥተዋል።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ገበሬ ቢሮ መጣ። የገብስ ማሳውን ቦረቦር በልቶበታል። አብረን ሄድን። ቦረቦሩ በሬ ከነቀንበሩ የሚውጥ ነበር፤ ከዳሩ ላይ የቀረው ገብስ ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ ከኮሌጅ ገና ትኩስ የወጣሁ ነኝና ወዲያው «እዚህ ጋ ጎርፍ የሚገታ የድንጋይ ክትር፣ እዚያ ጋ ሌላ ክትር» እያልኩ በጣቴ ማሳየት ጀመርኩ። ጋሽ አድማሱ እስክጨርስ ሰሙኝና ወደ ገበሬው ዞሩ።

«ከዚህ በላይ ምን አለ?» አሉት።

«የሰው ማሳ ነው፣ ጌታዬ።»

«ከሱስ በላይ?»

ገበሬው ትከሻውን ሰበቀ። «እንግዲህ እንውጣና እንየው» አሉ ጋሽ አድማሱ።

ወጣን። ላይ የአባታቸውን መሬት የተካፈሉ ሁለት ወንድማማቾች አገኘን። ከተጣሉ ቆይተዋል። ታላቅየው ወንድሙ በድንበሩ እንዳያልፍ ቦይ ቆፍሯል። ታናሽየው በሬዎቹን የሚያዞርበት ሲያጣ ማሳውን ሽቅብና ቁልቁል ማረስ ይዟል። የክረምቱ ጎርፍ ያንን ትልም እንደ ጎዳና ይዞት ይወርዳል። ታች ያለው ምስኪን ማሳውን ያጣው እሱ በሌለበት የውርስ ጠብ ነው።

«አየሽ የሺ» አሉኝ ስንወርድ፣ «ቦረቦር የሚጮኸው ታች ነው፤ የሚወለደው ላይ ነው።»

ክትሩን የሠራነው ወንድማማቾቹን ካስታረቅን በኋላ ነበር። እስከ ዛሬ አልፈረሰም።

ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ኮሌጅ ስሙን ብቻ ያወቅኩትን የእርከን መለኪያ በእጄ አስያዙኝ። ሁለት ረጃጅም እንጨቶች በጫፋቸው ይታሰራሉ፤ መካከላቸው ላይ አግዳሚ ይደረጋል፤ ከአናቱ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ይንጠለጠላል። ገመዱ የአግዳሚውን ምልክት ሲነካ ሁለቱ እግሮች የቆሙበት መሬት እኩል ነው ማለት ነው። እንዲህ እየተራመዱ የእርከኑን መስመር በጋራው ወገብ ላይ ያስምራሉ። ነፋስ ሲኖር ገመዱ አይረጋም። እኔ ስቸኩል «ድንጋዩ እስኪያርፍ ጠብቂ፤ እሱ ሳይረጋ የተሰመረ መስመር ጎርፍ ይጠራል» ይሉኝ ነበር። ስለ ድንጋይ ካብም እንዲሁ ነው። ትልቁ ከሥር ይገባል፣ ፊቱ ወደ ጋራው ዘንበል ይላል፣ ክፍተቱ በጠጠር ይሞላል። የክትሩ አናት ደግሞ መሐሉ ከዳርና ዳሩ ዝቅ ማለት አለበት። አንድ ጊዜ እኩል አድርጌ ባሠራ ጊዜ ጎርፉ በጎን ዞሮ ግራና ቀኙን ቦርቡሮ ሄደ።

«ውሃን አትከልክይው፤ የሚያልፍበት ስጪው» አሉኝ። «ቁጣም እንደሱ ነው።»

ቁጣ ያሉት ያለ ነገር አልነበረም። ሥራችን ግማሹ ጭቅጭቅ ነበር። ድንበር፣ ግጦሽ፣ ውሃ፣ ያባት መሬት። ጋሽ አድማሱ የኮታቸው ኪስ ከገብስ ቆሎ ተለይቶ አያውቅም። ተጣልተው ለመጡ ሰዎች ገና ሳይናገሩ እፍኝ እፍኝ ያድሏቸዋል። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው ሳቅ ብለው «ቆሎ የሚቆረጥም ሰው መጮህ አይችልም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እስኪቆረጥም ድረስ የግዱን ሌላውን ይሰማል።

ከዳባት ወደ በየዳ ተዛወርኩ። በየዳ ብርዱ ጠዋት ጠዋት የማድጋውን ውሃ ያጋግራል። ደመወዝ ሲዘገይ ሰው ያበድረኝ ነበር፤ ስለ ሪፖርቱ ብዛት ባልናገር ይሻላል። እዚያ የነበረው አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ከሁሉ ነገር የእርከኑን ርዝመት ብቻ ነበር የሚወደው። አንድ ጊዜ አፈር በሌለበት ጥቁር ድንጋይ ላይ እርከን አሠርቶ አገኘሁት። «እዚህ ምን ይጠበቃል?» ስለው «ርዝመቱን እይው እንጂ!» አለኝ። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ያስቀኛል። እሱን ሳስብ ግን መሐንዲሱም ሹሙም ነጋዴውም የየራሱን ርዝመት የሚለካባት ዓለም ትመጣብኛለች። ሁሉም ይለካል፤ አፈሩ ይኑር አይኑር የሚጠይቅ ግን የለም።

አሁን የከበደኝን ልናገር። ደባርቅ ሳለሁ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በአንድ ጋራ ጎን ላይ ሁለት መንደሮች አሉ፤ ላይ ጥድና ታች ጥድ ይባላሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው አንድ፣ ሰንበቴያቸው አንድ ነው። ሰንበቴ ማለት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው በየተራው ዳቦና ጠላ እያመጣ አብሮ የሚቀመስበት ነው። የላዮቹ ሽማግሌ አያ ፈንታ፣ የታቾቹ ደግሞ አያ ደሴ ነበሩ፤ አበልጆች ናቸው።

ጋራው ተራቁቶ ስለነበር ጎርፉ የታች ጥድን ማሳ ይጠርግ ነበር። ጽሕፈት ቤታችን ጋራው ከከብት ንክኪ እንዲከለል ወሰነ። ላይ ጥዶች እርከኑን ሠሩ፣ ችግኙን ተከሉ። ሁለት ክረምት ሳያልፍ ሣሩ ወገብ ደረሰ፣ የደረቀችው ምንጭ ጠብ ማለት ጀመረች። እንግዳ ከየአቅጣጫው መጥቶ አየው፤ አጨበጨበ። ላይ ጥዶችም መተዳደሪያ ደንብ አወጡና ሣሩ ለደከመበት ይሁን አሉ፤ ጽሕፈት ቤቱም ደገፈው። የታች ጥድ ከብት ግን ከጥንት ጀምሮ ክረምት ክረምት እዚያ ጋራ ላይ ይወጣ ነበር። ያንን ማንም አልጠየቀም። ጋራው በቃ አማረ፤ እኛም ደስ አለን።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ከደባርቅ ሆኜ ጭሱን አየሁት። ስንደርስ ጋራው ይነዳል። የታች ጥድ ጎረምሶች ከብት ነድተው ገብተው፣ ላይ ጥዶች ከብቱን ሊያግዱ ወርደው፣ በመሐል እሳት ተለቋል። የአያ ደሴ ልጅ ሙሉቀን ክንዱ ላይ በማጭድ ተመትቶ በቃሬዛ ሲወርድ አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። አያ ደሴ ከቃሬዛው ጎን ይራመዳሉ፤ አያለቅሱም፣ አይናገሩም። ከሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው። በእኛ አገር ዝም ያለ አባት ደም እያሰበ ነው።

ሙሉቀን ዳነ፤ ጣቶቹ ግን ዳግመኛ አልታጠፉም። ሰንበቴው ለሁለት ተከፈለ። በዚያው ሰሞን የአያ ደሴ እናት ሲያርፉ ከላይ ጥድ አንድ ሰው ለቅሶ አልወረደም። እንዲህ ያለ ቀብር አይቼ አላውቅም ነበር። ቄሱ፣ መምሬ ወርቁ፣ ፍትሐቱን ሲያደርሱ ዓይናቸው ወደ ጋራው መንገድ ይመለከት ነበር። ማንም አልመጣም። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ የተቃጠለው ጋራ ተናደ። ሣሩም፣ ችግኙም፣ እርከኑም ቁልቁል ሄዱ።

ጋሽ አድማሱ ያኔ ጡረታ ወጥተው ኮሶዬ ነበሩ። በአውቶቡስ ሄጄ ደጃፋቸው ላይ እንደ ቆምኩ አለቀስኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝና «ግቢ፣ ብዪ» አሉኝ። ከበላሁ በኋላ «ከዚህ በላይ ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ። በማግሥቱ አብረውኝ መጡ።

ስብሰባ አልጠሩም። ሁለቱን ሽማግሌዎችና መምሬ ወርቁን ብቻ ይዘን ጎርፉ ጋራው ላይ ከቆፈረው ቦረቦር ግርጌ ሽቅብ በእግር ሄድን። ጋሽ አድማሱ እፍኝ እፍኝ ቆሎ አደሉን። ማንም አይነጋገርም፤ የጥርስ ድምፅ ብቻ ነበር። ከተቃጠለው ቦታ ስንደርስ ጋሽ አድማሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«አያ ፈንታ፣ በአያ ደሴ ላይ የደረሰውን በደል አንቱ ይንገሩን።»

«እኔ? የሱን?»

«አዎ፤ እሳቸው ‹ልክ ነው› እስኪሉ ድረስ።»

አያ ፈንታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ጎረምሶቹ ሣራችንን አቃጠሉ…»

«ያ በኔ ላይ የደረሰ በደል ነው ወይ?» አሉ አያ ደሴ ሳያስቡት። መምሬ ወርቁ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ይድገሙት» አሉ ጋሽ አድማሱ።

አያ ፈንታ ብዙ ጊዜ ሞከሩ። ፀሐይዋ ዞረች። በመጨረሻ በበትራቸው ጫፍ መሬቱን እየጫሩ፣ ዝግ ብለው ተናገሩ። «ያባቱ ከብት እዚህ ይወጣ ነበር። እኛ ላይ አርሰን ጎርፉን ላክንበት፤ ማሳው ሄደ። ሣሩ ሲበቅል ደግሞ አትድረስብን አልነው። ጎርፉን ለሱ፣ ሣሩን ለኛ አደረግነው። እናቱ ሲሞቱም ለቅሶ አልወረድንም።»

«ልክ ነው» አሉ አያ ደሴ። ከዚያ ሳይጠየቁ በአያ ፈንታ ላይ የደረሰውን በደል ተናገሩ። «ልጆቹ ድንጋይ ተሸክመው ጀርባቸው ሲላጥ እኛ ከታች ሆነን እናይ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላገዝነውም። የነደደው የሰው ላብ ነው።»

ያን ዕለት ዕርቅ ወርዷል ብል ውሸት ነው። ሁለት ዓመት ፈጀ። ሙሉቀን ክንዱን በማጭድ የመታውን ሰው እጅ እስከ ዛሬ አልጨበጠም፤ መታው የተባለውም ወደ ቆላ ወርዶ በዚያው ቀረ። የጋራው አናት አሁንም ራሰ በራ ነው፤ ብትሄዱ ታዩታላችሁ። በወገቡ ላይ ግን አዲስ እርከን ተሠራ፤ በዚህ ጊዜ ድንጋዩን የተሸከሙት ሁለቱም ናቸው። ከብት አይገባም፤ ሣሩ እየታጨደ ለሁለቱም መንደር ይከፈላል። ሰንበቴውም ውሎ አድሮ አንድ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ነው ሥራውን ለማየት ከሌሎች ተራራማ አገሮች እንግዶች የመጡት። ከመካከላቸው አጠር ያለች፣ ጸጉሯን በሁለት የጎነጎነች፣ ባርኔጣ ያደረገች ገበሬ ነበረች። አስተርጓሚው እየተረጎመላት እስከ ጋራው ወገብ ወጣች። በአገሯ ከተራራው አናት ላይ የማይጠፋ በረዶ እንደነበረ፣ አያቶቿ ከሱ ሥር እንዳረሱ፣ አሁን እየቀለጠ ምንጩ እንደነጠፈባቸው ነገረችን። «ሙቀቱን እኛ አላመጣነውም» አለች። «የመጣው ከማናውቃቸው ከተሞች ነው።»

አያ ፈንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናንተም ታች ጥዶች ናችሁዋ!» አሉ። አስተርጓሚው መንደሮቹን ጠቁሞ ሲያስረዳት ሴትዮዋ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «ታዲያ እነዚያን የላይ ሰዎች ማን ያነጋግርልሻል?» ሲሉ ጠየቋት አያ ፈንታ።

«ማንም የለም» አለች።

እሑድ ኮሶዬ ሄጄ ይህን ለጋሽ አድማሱ ነገርኳቸው። ዓይናቸው መፍዘዝ ጀምሮ ነበር፤ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ።

«ዓለም ሰንበቴ የላትማ» አሉ። «ገበያ አላት፣ ጦር አላት፣ ስብሰባም አላት። ሰንበቴ ግን የላትም። አስቢው እስቲ። ሀብታሙም ድሃውም ተራው ሲደርስ ያመጣል፤ ድሃው ትንሽ ቢያመጣ ማንም አይታዘበውም። የተጣላ ሳይታረቅ ጽዋ አይቀምስም። አንዱ ሲሞት ሁሉ ይቀብራል። የበረዶዋ ሴትዮና የከተማው ሰዎች አንድ ጽዋ ቢኖራቸው ኖሮ ‹ምንጭሽን አደረቅንብሽ› ይሏት አልነበር?»

«ጋሽ አድማሱ፣ ሁለት መንደር ለማስታረቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል እኮ!»

«ፈጀ እንጂ አልቀረም» አሉ። ቆይተው ደግሞ «እኔስ መቼ ይሆናል አልኩሽ? አይሆንም የምትይኝ ግን በምን አውቀሽ ነው?» አሉኝ።

ከዚያ ጦርነቱ ወደ እኛ አካባቢ ደረሰ። ስለ ጦርነቱ የሚጽፉ ሌሎች አሉ። እኔ ያየሁት ደባርቅ ትምህርት ቤቶቹ በተፈናቀለ ሰው ሲሞሉ ነው። ከፊሉ ከብቱን ነድቶ ነው የመጣው። በከተማው ዙሪያ ግጦሽ አልነበረም፤ የነበረውም በጥቂት ቀን አለቀ። የከተማው ሰው አንዳንዱ እንጀራውን አካፈለ፤ አንዳንዱ ደግሞ «ባሕር ዛፋችንን ቆረጡ፣ ውሃችንን ጨረሱ» ማለት ጀመረ። ከቢሮ ቢሮ ብሮጥም የማገኘው መልስ አልነበረም። እውነቱን ልናገርና በዚያ ሰሞን ያ የጋሽ አድማሱ የሰንበቴ ሕልም የሽማግሌ ወግ ሆኖ ነበር የሚሰማኝ።

አንድ ጠዋት አያ ፈንታና አያ ደሴ ቢሮዬ ገቡ። ሁለቱም አርጅተዋል። ተደጋግፈው ሲገቡ ሳይ አንድ ነገር ሆኗል ብዬ ደነገጥኩ።

«ደህና አይደላችሁም እንዴ? ሰው ተጋጨ?»

«ኧረ የለም» አሉ አያ ደሴ። «የጋራውን ሣር አጨድነው። የሚጭንልን መኪና አጥተን ነው።»

«ለማን ነው?»

«ትምህርት ቤት ለሰፈሩት። የከብቶቻቸው ጎን ተጣብቋል አሉን።»

«ከነሱ ውስጥ ዘመድ አላችሁ?»

ሁለቱ ተያዩ። «የለንም» አሉ አያ ፈንታ። «አናውቃቸውም።»

የዓመቱን ሣር ነው ያጨዱት። በጋው ገና ነው፤ የራሳቸው ከብት ምን እንደሚበላ ጠየቅኳቸው። «ጭድ አለ፤ ይጎዳሉ እንጂ አይሞቱም፤ እነዚያ ግን ይሞታሉ» አሉ አያ ደሴ። ከዚያ ለካስ መንገድ ላይ የጀመሩት ክርክር ነበራቸው፤ ፊቴ ቀጠሉት። አያ ፈንታ «ጋራው ወደኛ ስለሚያደላ ላይ ጥድ እጥፍ ይስጥ» ይላሉ። አያ ደሴ «እኩል አጭደን እኩል ነው የምንሰጠው፤ ንቀት ነው ይሄ» ብለው በበትራቸው ወለሉን ይመታሉ። በዚያው ጋራ ሣር ደም ሊቃቡ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ሳቄ መጣ፤ ዕንባዬም ቀደመኝ። «እባካችሁ እንደገና ተጣልታችሁ እንዳታስለቅሱኝ» አልኳቸው።

መኪና አልተገኘም፤ ነዳጅ አልነበረም። በአህያ ጭነው አመጡት። ከሁለቱም መንደር ወንድና ሴት አህያ እየነዱ ወደ ደባርቅ ሲገቡ ባጃጆቹ ዳር ይዘው ቆሙላቸው። ሙሉቀን አንድ ሸክም ሣር በደህና እጁ ትከሻው ላይ ደግፎ ከፊት ይራመድ ነበር። ትምህርት ቤቱ ግቢ ሲደርሱ ከተፈናቀሉት አንዲት አሮጊት ከላማቸው ጎን ተነሡ። ሣሩን አዩ፤ ሰዎቹን አዩ።

«የማን ናችሁ፣ ልጆቼ?» አሉ።

አያ ፈንታ ኮፍያቸውን አወለቁ። «የጥድ ሰዎች ነን፣ እሜቴ።»

በማግሥቱ ወደ ኮሶዬ የሚሄድ መኪና አገኘሁ። ጋሽ አድማሱ ያን ጊዜ ፈጽሞ አያዩም ነበር፤ ከድምፄ ለይተውኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ ሣሩ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ ክርክር፣ ስለ አህዮቹ፣ ስለ አሮጊቷ ነገርኳቸው። የአያ ፈንታን መልስ ስነግራቸው እጄን አጥብቀው ያዙ።

«ላይ ጥድ አላሉም?»

«አላሉም።»

«ታችም አላሉም?»

«የጥድ ሰዎች ነው ያሉት፣ ጋሼ።»

ፊታቸውን ወደ ፀሐይዋ አዞሩ።

«እስቲ የሺ» አሉኝ፣ «ከመጀመሪያው ድገሚልኝ።»

ደገምኩላቸው።